ቅቤ የነካው ክር

አሰፋሽ ክሩን ከጓዳው ሚስማር ላይ ስታወርደው ግማሹ እጇ ላይ ቀረ፣ ግማሹ መሬት ላይ ተዘረገፈ። መጀመሪያ ከጥቅሉ የተፈታ መሰላት። ጎንበስ ብላ ስትሰበስበው ግን አንዱ ጫፍ ተቀርጥፏል፣ ሌላውም ጫፍ ተቀርጥፏል። ከጤፉ ማዳበሪያ ሥር ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ብቻውን ወድቋል። ሦስት ቦታ ተበጥሷል።

"አይ አይጥ!" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ይሄ ሁሉ እህል እያለልህ ይሄን ትበላለህ?"

ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። የለጋ ቅቤ ይሸታል። አይጡ ምን አጠፋ? ምግብ ነው ብላ ያቀረበችለት ራሷ ናት።

ከበረንዳው የባሏ ድምፅ መጣ። ባለፈው ታኅሣሥ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ ቃላቱ አፉ ውስጥ ተጎርሰው የቀሩ ያህል ግማሽ ግማሽ ሆነው ነው የሚወጡት። "አሰፉ! ውሃው ለብ አለ?"

"ጠብቅ እንጂ፣ እሳቱ ገና ነው!" አለችው። ውሃው ቀድሞ ለብ ብሎ ሳፋው ውስጥ ተቀምጧል።

ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ነው። እንዲህ ሲባል ታዲያ ገበያ የሚሸጠው ቀጭን ናይለን እንዳይመስላችሁ። ወፈር ያለ፣ አረንጓዴ፣ ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ሃያ ሰባት ሜትር የሚረዝም የአሜሪካ ክር ነው። ባሏን መምህር ሀብተወልድን ይሄን ነገር ያስለመደው ደሴ ተማሪ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው የሰላም ጓድ ፈረንጅ ነው። አጠማመዱ በትል አይደለም፤ ከአውራ ዶሮ ላባ በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው። ዝንቧ ክብደት ስለሌላት ተወርውሮ እሷን ይዟት የሚሄደው ክሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ክሩ ከቆሸሸ አይበርም፣ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል። ይሄን ትምህርት አሰፋሽ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እግዜር ይወቀው።

ሀብተወልድ ባዮሎጂ ሊያስተምር ወልቂጤ ከተመደበ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋቤ ወንዝ ይወርድ ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ አዘነለት፣ በመጨረሻ ለመደው። ያሳቀው በየቤቱ የዶሮ ላባ መለመኑ ነው። ያሳዘነው ደግሞ ከያዘው ዓሣ አንድ ሁለቱን ለቤት አስቀርቶ የቀረውን መልሶ ወንዙ ውስጥ መልቀቁ። "መምህር፣ ሊለቁት ነገር ለምን ያዙት?" ይሉታል። "ሰላም ልለው ነዋ" ይላቸዋል፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳቅ ሳይታይ።

ከወንዝ ሲመለስ ደግሞ ክር የማጽዳት ሥነ ሥርዓት አለ። ለብ ያለ ውሃ፣ በሱ ላይ የተፋቀ የገላ ሳሙና፣ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ። ኦሞ አይነካውም፣ ጋዝ አይነካውም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ክሩ በእርጥቡ ጨርቅ መሀል ክንድ በክንድ እየተሳበ ያልፋል፣ በንጹሕ ውሃ ይደገማል፣ በደረቅ ጨርቅ ይሠለሳል፣ መጨረሻ ላይ ፈረንጁ ከላከለት ትንሽ ቆርቆሮ ቅባት በስሱ ይቀባና ላላ ተደርጎ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። ፈረንጁ የመጨረሻውን ክርና የመጨረሻውን ቅባት በፖስታ ከላከ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ የሚስቱ ነበር፤ ማረፉን የሚነግር።

እንግዲህ ታኅሣሥ ላይ ሀብተወልድ ሲወድቅ ወንዙም ቀረ። ክሩ ግን አልቀረም። ወንዝ ሳይወርድ ስምንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ይታጠባል። የምታጥበው አሰፋሽ ናት። አምስቱን ቀን መሥሪያ ቤት መዝገብ ስታገላብጥ ትውላለች፤ መሥሪያ ቤቱ በቢፒአር ከተበወዘ ወዲህ የሦስት ሰው ሥራ በሷ ላይ ተቆልሏል። ማታ ባሏን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ቅዳሜ አረፍኩ ስትል ደግሞ ይሄ አለ። ወገቧ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ይመስላታል። አንዳንዴ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ክሩን እሳት ውስጥ ጨምራ ሲቃጠል ብታየው ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የቆርቆሮው ቅባት አለቀ። ሀብተወልድ እንዳያውቅ ፈለገች፤ በትንሽ ትልቁ ማልቀስ ለምዷልና። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ዘይባ ግቢ ውስጥ ከዝናብ ስትሸሽ አግኝታ አማከረቻት።

"ይሄ ምን ችግር አለው?" አለች ዘይባ። "እኛ አገር ጠፍር ቢደርቅ ቅቤ፣ ቆዳ ቢደርቅ ቅቤ፣ ራስ ቢያምሽ ቅቤ። ቆይ ላምጣልሽ።"

"ዘይባ፣ ፍልሰታ እኮ ነው።"

"ብይው አልኩሽ እንዴ? ለክሩ ነው፤ ክሩ ይጾማል?"

አሰፋሽም በጾም እጇን ቅቤ አስነክታ ሃያ ሰባቱን ሜትር ቀባችው። የክረምት አይጥ ከሜዳ ወደ ቤት እንደሚገባ እያወቀች፣ ድካም አእምሮዋን ይዞባት፣ አላሰበችውም። ሳምንቱን ሙሉ የሰማችው ኮሽታ ይሄው ኖሯል።

የተበጣጠሰውን ክር ይዛ ጓዳ ቆማ ሳለ ሞባይሏ ጮኸ። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ኑኃሚን ናት።

"እማ፣ ነገርሽው?"

"ገና ነኝ።"

"ኧረ እማ! ለእናንተ ያየሁትን ክፍል ሌላ ሰው እየጠየቀው ነው። ባለቤትየዋን እስከ ነገ ብያታለሁ። አንቺ ጡረታሽን ታስከብሪያለሽ፣ ሠራተኛ አለችኝ፣ ታግዝሻለች፣ ሐኪምም ቅርብ ነው። ማታ ቁርጡን ንገሪኝ።"

"ባነሳሁበት ቁጥር ዋቤን ትቼ አልሄድም ይላል። ምን ላድርገው?"

"ዋቤን! በየትኛው እግሩ ነው ዋቤ የሚወርደው? ያ ክር እኮ ነው እማ። እሱን እያየ ነው ተስፋ የማይቆርጠው። እሱ ባይኖር ኖሮ አባቢ ድሮ ይመጣ ነበር።"

አሰፋሽ እጇ ላይ ያለውን አየችው። "ማታ እነግርሻለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እሱ ባይኖር። ይሄው የለም። ማንም እሷ ናት አይላትም፤ አይጥ ነው። ልብስ የሚያጥብ ሌላ ሰው ያለበት ቤት፣ ቅዳሜን ተኝቶ ማርፈድ፣ ከልጅ ጋር መሆን። ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ቀለል ሲል ተሰማት፤ እንደዚያ ስለተሰማትም አፈረች። ቁርጥራጩን ሰብስባ ልታሳየውና ነገሩን ልትጨርስ ወደ በረንዳው ወጣች።

ሀብተወልድ ጀርባውን ሰጥቷት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ሊያገናኝ ይታገላል። ሆስፒታል እጁን የምታሠራው ልጅ እንዲጨብጠው የሰጠችውን ኳስ "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብሎ ወርውሮ ነበር። ካልሲ ተጠቅልሎ ተሰጥቶት እሱንም ጥሏል። ክር ሲሆን ብቻ ነው እሺ ያለው፤ አሰፋሽ ክሩን ስታጥብ የተወለወለው በቀኝ ጣቶቹ መሀል እያለፈ ጭኑ ላይ ይከመራል። ስምንት ወር ሙሉ ጣቶቹ እንጨት ነበሩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ ቅቤው ሳይቀባ፣ ሁለቱ ጣቶች ተገናኝተው ክሩን ያዝ ሲያደርጉት አይታለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደግሞም ምንም አልተሰማኝም ነው ያለው። አሁን ያንን ነው የሚለማመደው፤ ለዛሬው ክር።

አሰፋሽ የያዘችውን ከቀሚሷ ኋላ ደበቀች።

"ሀብቴ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ። ክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።"

ጣቱን ቶሎ ለቀቀው፣ ሲሰርቅ የተያዘ ይመስል። "እ... እንዳትቆዪ" አላት።

ቁርጥራጩን በፌስታል አድርጋ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። በር ላይ ዘይባ አገኘቻትና ፌስታሉን ከፍታ አየች።

"ያ አላህ! አይጥ ነው?"

"ያንቺን ቅቤ ወዶት።"

"ወላሂ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ፣ ቅቤ የነካ ነገር እዚያው ጓዳ ይሰቀላል? እኛ ቤት እኮ ከጣሪያ ነው የሚንጠለጠለው፣ ሰንሰለት ላይ።" ከዚያ ፊቷን አይታ ድምጿን ለወጠች። "ከድሮ የሚባለው ሰው ጋ ውሰጂው። ገመድ ሻጩ። እሱ ያላጋጠመው ገመድ የለም። እኔ መምህር ጋ እቀመጣለሁ፣ ሂጂ።"

ገበያው ጭቃ ብቻ ነው። አሰፋሽ ከቆጮና ከበርበሬ ተራ አልፋ የገመድ ተራ እስክትደርስ አንድ ጫማዋን ሁለቴ ጭቃ አወለቀው። ከድሮ ሸራ ሥር፣ ከእንሰት በተፋቀ ነጭ ቃጫ ተከብቦ ተቀምጦ ጭኑ ላይ እያሸ ገመድ ይገምዳል። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ የክሩን ቁራጭ ሲያይ ገና ሳይነገረው አወቀው።

"የመምህር ነው! ይሄንን እኮ እኛ ልጆች ሆነን ለመንካት እንለምን ነበር። እሳቸው እንዴት ናቸው፣ ተሻላቸው?"

"ይመስገነው፣ አለ። እስኪ እየው ከድሮ፣ ይሆናል?"

ክሩን በጥፍሩ ላጥ አድርጎ የውስጡን ነጭ ጉንጉን አየ። ጎተተው፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ አሸተተው። "ቅቤ?" አለ።

"አትጠይቀኝ።"

"እሺ አልጠይቅም።" አልሳቀም፤ ከንፈሩን ግን ነከስ አደረገ። "ቋጠሮ አይሆንም እትዬ። ቋጠሮ ያብጣል፣ የመምህር ዘንግ ላይ ቀለበት አለ፣ በዚያ ውስጥ አያልፍም። ላዩን ልላጠውና የውስጡን ከውስጡ አግጥሜ በቃጫ እጠመጥመዋለሁ። ሰም አስይዘዋለሁ፣ ውሃ አይገባውም። ግን ይሻክራል። እንደ ፊተኛው ልስልስ አይልም፣ ከአሁኑ ልንገርዎ።"

"ይታወቃል?"

"ዓይን ላያየው ይችላል። እጅ ግን ያውቀዋል።"

አሰፋሽ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ከድሮ ከቃጫው ውስጥ ቀጭን ቀጭኑን መርጦ፣ በጥርሱ ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ ክሩን ወጥሮ ሠራ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ማንም ምንም አልጠየቃትም፣ ማንም አልጠራትም። ከስንት ጊዜ በኋላ እጇን አጣምራ መቀመጧ ነው፤ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና ሲነካት ባነነች።

"አለቀ። ሦስቱም ቦታ። ይሄንን ቃጫና ሰም ደግሞ ያዙት፣ ከላላ ራስዎ ይጠመጥሙታል፤ አዩ አይደል አሠራሩን?"

"ተኝቼ ነበር እኮ።"

"መጀመሪያውን አይተውታል፣ ይበቃል።" ቦርሳዋን ስትከፍት እጁን አወዛወዘ። "ይተዉት እትዬ። መምህር ስምንተኛ ክፍል ላይ አምስት ነጥብ ጨምረው አሳልፈውኛል። እሱን እስካሁን አልመለስኩላቸውም።"

ቤት ስትደርስ ዘይባ ውሃውን ሁለተኛ አሙቃ ሳፋውን በረንዳው ላይ አውጥታዋለች። በዓይኗ ምልክት ሰጥታት ወደ ቤቷ ገባች። አሰፋሽ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሳሙናውን ፋቀች፣ ነጠላውን አጠፈች፣ ጥቅሉን ውሃ ውስጥ ነከረች። ያልተነካው ጫፍ ወደሱ በኩል እንዲሆን አድርጋዋለች። መጋጠሚያዎቹ እስኪደርሱ ከአስር ሜትር በላይ አለ፤ እስከዚያ ይደክመውና በቃ ይላል ብላ ነው። እያታለለችው ነው።

ክሩ በጨርቁ ውስጥ አለፈ። ሀብተወልድ ተቀበለ። ክንድ በክንድ። እሷ ዓይኗን ከሳፋው አላነሳችም። አምስት ሜትር። ስምንት። አስር። በቃ አላለም። የመጀመሪያው መጋጠሚያ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ መዳፏ ላይ ሻከራት። ለቀቀችው።

ክሩ ቆመ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ሀብተወልድ።

"ምኑ?"

"ይሄ። የሚሻክረው።"

ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? አሰፋሽ ጨርቁን ሳፋው ላይ ጣለችው። "አይጥ በላው" አለች። "ሦስት ቦታ። ቅባቱ አልቆ ቅቤ ቀብቼው ነው። ከድሮ ነው የገጠመው። ልነግርህ ነበር፣ ከዚያ አልነግርህም አልኩ፣ ከዚያ... ደከመኝ ሀብቴ። እንዲያው ደክሞኛል። ጠዋት በልቶት ሳገኘው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ሆኛለሁ።" እንባዋ መጣ፤ በእርጥብ እጇ ጠረገችውና ሳሙናው ዓይኗን አቃጠላት።

ሀብተወልድ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የአፉ ጤነኛው ጎን ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብላ ስትፈራ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

"ቅቤ?"

"ቅቤ።"

"የለጋ?"

"የዘይባ ነው፤ የለጋ ነዋ።"

"በፍልሰታ!" አለና ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ደከመው፣ አረጀ። "በቃ ጣይው አሰፉ። ለኑኃሚን ደውዪላት። እንመጣለን በያት። እኔ ዋቤ እንደማልወርድ... ካወቅሁ ቆይቷል። ክሩን እጠቢ የምልሽ... ቅዳሜ ቁጭ ትያለሽ ብዬ ነው። ሌላውን ቀን... አትቀመጪም።"

ስምንት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይሄ ነበር። እንመጣለን በያት። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልታወጣው ስትል ዓይኗ ጭኑ ላይ ወደቀ። ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይዟል። ክሩ ያለው በቀኙ ነው። ሁለቱ ጣቶች በከድሮ ቃጫ ላይ ተገናኝተው፣ ነጣ እስኪሉ፣ ጠበቅ አድርገው ይዘውታል።

"ሀብቴ" አለች። "በየትኛው እጅህ ነው ሻከረኝ ያልከው?"

ወደ እጁ አየ። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ብዙ ጊዜ አየው። አውራ ጣቱን በቃጫው ላይ ወደ ኋላ ጎተት አደረገና መለሰው። "ይሄኛው" አለ። "ይሻክራል። አሰፉ፣ ይሻክረኛል።"

"ልስልሱስ? ከሱ በፊት ያለው?"

"እሱ የለም። እሱ ምንም አይለኝም።"

አሰፋሽ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ተወችው። ዱካዋን ወደሱ ስባ፣ ከድሮ የሰጣትን ቃጫና የሰም ቁራጭ ከፌስታሉ አወጣች። አንድ ቀጭን ቃጫ መዘዘች፣ ጫፉን በጥርሷ ያዘች፣ ሌላ የሚሻክር ቦታ ልትሠራለት ከመጋጠሚያው አንድ ክንድ ርቃ ጤነኛው አረንጓዴ ክር ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ቆም ብላ ቀና አለች።

"ከጠመጠምኩበት አይወረወርም" አለችው። "እንዲህ ሆኖ አይበርም፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ።"

ሀብተወልድ በአጥሩ ላይ አሻግሮ፣ ዋቤ ባለበት በኩል አየ። ከቤታቸው ወንዙ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት እንሰትና ዝናብ ነው። አልቸኮለችበትም።

"ጠምጥሚ" አለ።

የመጀመሪያው ጥምጥም ተንሻፈፈ። ፈትታ እንደገና ጀመረች፤ እሱ ሌላውን በኩል በቀኙ ይዞላት። ሁለተኛውን እየጨረሰች ሳለ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጇ ሰም ነው፣ አፏ ቃጫ ይዟል።

"ኑኃሚን ናት" አለች በጥርሷ መሀል። "ምን ልበላት?"

"አባትሽ ሥራ ይዟል በያት" አለ ሀብተወልድ፣ ጣቱን ሳያላላ።